አያቴ እጅ ይዘው የሚስሙት ለምን ነበር

አያቴ ሰው ሲስሙ ሁለቱንም እጆቹን ይይዙ ነበር። እኔ ፍቅር ይመስለኝ ነበር።

ካረፉ ዛሬ ሠላሳ ቀን ሞላ። ባለፈው ዓመት እዚህ እስራኤል፣ ኔቬ ኦዝ በሚባለው ሰፈራችን አዳራሽ ቴአትር ስንሠራ ሊያዩኝ መጥተው ነበር። የምጫወተው በገዛ ወዳጁ የሚገደለውን ንጉሥ ነበር። ወዳጄን ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ሊስመኝ ሲያቅፈኝ፣ አያቴ ከፊተኛው ረድፍ፣ «ልጄ፣ እጁን እየው» አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ «አባባ፣ ቴአትር እኮ ነው» አልኋቸው።

«ጎንደር ሳለን በዓይኔ አይቸዋለሁ» አሉ። «አገረ ገዥያችንን ለገዳዮቹ አሳልፎ የሰጠው ሚዜው ነው። እንዲህ አቅፎ እየሳመው፣ በጀርባው በኩል በእጁ ጠቆማቸው። እኔ አየሁና ፈርቼ ዝም አልሁ።»

«ሰውየውስ የት ደረሰ?»

«እዚሁ አለ። በየሰንበቱ ጸሎት ቤት ሰላም ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ።»

ስሙን ብጠይቃቸው፣ በዕብራይስጥ እሺ ለማለት «በሰደር፣ አውቶቡሱ መጣ» ብለው ተነሡ።

በለቅሶው ሰባት ቀን ብዙ ሽማግሌዎች የአያቴን ባዶ ወንበር አልፈው እኔን አቅፈው ሳሙኝ። ከጸሎት ቤታቸው የቀረ ሽማግሌ አልነበረምና፣ ያ ሰውም ከእነሱ አንዱ ነበር። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የለም።