ጅቡ ማንንም ያልበላበት ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት ሽታ ነበረው፤ የጋለ ከሰልና የረጠበ አቡጀዲ ሽታ። ቤታችን ከመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጁ አጥር ሥር ነበርና፣ የተማሪዎቹን ልብስ የሚያጥቡት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ አመሻሽ ላይ ሲተኩሱ እኔ እግራቸው ሥር እቀመጥ ነበር። ካውያቸው በከሰል የሚሠራው፣ ባለ ክዳኑ ነበር። ፍሙ ሲዳከም አንሥተው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዙታል፣ በጎኑ ቀዳዳዎች ቀይ ብርሃን ብልጭ ይላል፣ ከዚያ በአፋቸው ውኃ ይዘው ሸሚዙ ላይ እፍ ይሉና ተረቱን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ኩራዙ የሚያበራው እጃቸውን ብቻ ስለነበር፣ ያኔ ተረቱን የሚያወራው እጃቸው ይመስለኝ ነበር።

የእትዬ ብርቄ ተረት ምሕረት አያውቅም። ጅብ ልጅቷን ካገኛት ይበላታል።

«ባይበላትስ?» እላቸዋለሁ።

«በላት አልኩሽ! ጅቡን የላክኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

«እትዬ፣ በናትዎ...»

«ያለውን ነው የምነግርሽ። ካልፈለግሽ ቤትሽ ግቢ። ደጁ ላይ ግን ሌላ ጅብ አለ።» ይሥቃሉ። እኔም ፈርቼ ይበልጥ እጠጋቸዋለሁ።

አምስተኛ ክፍል ስገባ ኮሌጁ ከከተማው ሕዝብ ጋር አንድ መጽሐፍ አብረን እናንብብ አለ። ለየሰፈሩ አንድ አንድ ቅጂ ታደለ፤ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እንዲያነብ፣ ከፋሲካ በኋላም ሁሉም በኮሌጁ አዳራሽ ተገናኝቶ እንዲወያይበት። የሰፈራችን አንባቢ እኔ ሆንኩ። ከእትዬ ብርቄ ጋርም ተዋዋልን፤ እርሳቸው አንድ ተረት፣ እኔ አምስት ገጽ።

መጽሐፉ እንጀራ ፍለጋ ከአገሩ ስለወጣ ወጣትና በር በሩን ስለምታይ እናቱ ነበር። እትዬ ብርቄም ታደሰ የሚባል ልጅ ነበራቸው፤ ለውትድርና ሄዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። የመጨረሻዋን ደብዳቤ ራሴ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩላቸው አላስታውስም። መጽሐፉን ሲሰሙ የታደሰን ስም አያነሡም፤ እናትየው ስትነሣ ግን ካውያው ይዘገያል። አንድ ቀን የአንዱን ተማሪ ኮሌታ አቃጠሉ። ያን ቀን ገጹን ቶሎ ጨረስኩላቸው።

በመጨረሻው ምዕራፍ ወጣቱ ወደ አገሩ ሲመለስ ወንዝ ይወስደዋል። ቀን ብቻዬን አንብቤው ነበር። አመሻሽ ላይ እዚያ ስደርስ ካውያው ቆመ። ሁለት ቅጠል ባንድ ላይ ገለጥኩና፣ ዐይኔን ወረቀቱ ላይ እንደተከልኩ ከራሴ አወራሁ፤ ወንዙን ተሻገረ፣ እናቱም በር ላይ ቆማ ተቀበለችው አልኩ።

እትዬ ብርቄ የሸሚዙን እጅጌ ዘረጉ።

«ገባ?»

«ገባ።»

«ተመስገን» ብለው ካውያውን አወዛወዙ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። መነጽር ያደረገ ወጣት መምህር ከመድረኩ ላይ ሆኖ አየኝ። «አንቺ ትንሿ አንባቢ፣ የእናንተ ሰፈር ስለ መጨረሻው ምን አለ?» ተነሣሁ። ያኔ ከኋላዬ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ቆሙ።

«ልጁ በደኅና ገባ። እናቱም በር ላይ ተቀበለችው።»

አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ሸሚዙን በየሳምንቱ የሚተኩሱለት አንድ ተማሪ፣ «እትዬ ብርቄ፣ የትኛው መጽሐፍ ነው ለእርስዎ የደረሰዎት?» አለ። ሣቁ እንደገና ተነሣ።

«እንግዲህ የኔ ጆሮ ነው» አሉ፤ «በካውያ ሙቀት ደክሟል፣ ልጅቷስ ደኅና አርጋ ነው ያነበበችው።»

እኔም ተቀመጥኩ። ያኔ እውነትም ጆሯቸውን የተጠራጠሩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላም ተረቱ አልቀረም። ግን ጅቡ ማንንም መብላት ተወ። ልጅቷ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ወይም አባቷ ይደርስላታል፣ ወይም ጅቡ ራሱ ተጸጽቶ ይመለሳል። እጃቸው ያው ነበር፣ የከሰሉም ሽታ፤ እኔ ግን መፍራት ስላቆምኩ መጠጋትም አቆምኩ፣ ቀስ በቀስም መሄዱን ተውኩት። ታደሰ ሳይመጣ፣ መርዶውም ሳይመጣ፣ እርሳቸው ማረፋቸውን ከብዙ ዘመን በኋላ እዚህ ስቶክሆልም ሆኜ በስልክ ሰማሁ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በዚህ ዓመት በሕንፃችን መግቢያ ላይ አንድ ማስታወቂያ ስለተለጠፈ ነው። አንድ ኮሌጅና የሰፈራችን የቴንስታ ነዋሪ አንድ መጽሐፍ አብረው ሊያነቡ ነው፤ «ለመቀራረብ» ይላል። ስንት ዓመት ባንድ አሳንሰር የወጣን የወረድን ጎረቤቶቼ ስሜን አያውቁም፤ አሁን በቀረፋ ዳቦና በመጽሐፍ ልንቀራረብ ኖሯል። አልሄድም ብዬ ነበር። የልጅ ልጄ ሳሮን ግን የዚያው ኮሌጅ ተማሪ ናት። እኔ ደግሞ ቤቴን በመጽሐፍ ሞልቼ፣ ዐይኔ አንድ መስመር መለየት ካቃተው ሁለት ዓመት አለፈው። «እኔ አነብልሻለሁ» አለችኝ በስዊድንኛ። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን በስዊድንኛ ነው።

መጽሐፉ ፎቅ ላይ ብቻዋን ስለምትኖር አሮጊት ነው። ባለፈው እሑድ ወደ መጨረሻው ስንደርስ የሳሮን ድምፅ ቀጠነ። ወረቀቱ ሲገለጥ ድምፁ ከበድ አለ፤ ሁለት ቅጠል ነበር። ከዚያ የአሮጊቷ ጎረቤት በር አንኳኳች፣ ተከፈተላት፣ ሻይ ጠጡ አለችኝ። የደራሲው ዓረፍተ ነገር ጠፍቶ የሳሮን ወሬ ተተካ። መስማቱ ምንኛ ቀላል ነው!

እኔ ይህን ከሰማሁ፣ ወራት ሙሉ ድምፄን እየሰሙ ሲተኩሱ የከረሙት እትዬ ብርቄ እንዴት አልሰሙም? ሰምተዋል። «ተመስገን» ሲሉም ያውቁ ነበር። አዳራሽ ውስጥ የቆሙት፣ ጆሯቸውን ያሙት ለእኔ ነው። ጅቡንም ያስጾሙት ለእኔ ነው፤ ይቺ ልጅ እውነቱን መሸከም አትችልም ብለው።

«ሳሮንዬ፣ ወደ ኋላ ተመለሺ» አልኳት።

«ምኑን?» በስዊድንኛ።

«የዘለልሻቸውን ሁለት ቅጠሎች።»

በአማርኛ፣ «ይቅር፣ እማማ» አለች።

«አንብቢ። ጅቡን የላክሽው አንቺ አይደለሽም።»

ስለ ምን ጅብ እንደማወራ አላወቀችም፤ ግን አነበበች። አሮጊቷን በሩን ሰብረው ነው ያገኟት፤ ፖስታዋ ከበሩ ሥር ተከምሮ፣ መብራቷ እንደበራ። ሳሮን ስትጨርስ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሁልጊዜ ሶፋው ጫፍ ላይ ነበር የምትቀመጠው፤ ያን ቀን መጥታ ተጠጋችኝ። ፀጉሯን እየዳበስኩ ሌላ ነገር አስብ ነበር።

ለእትዬ ብርቄ ደግነት አንድም ቀን ምስጋና አላቀረብኩም፤ አሁንም አልችልበትም። ያኔ ካውያውን አስቀምጠው ወደ ኋላ ተመለሺ ቢሉኝ ኖሮ፣ እያለቀስኩ አነብላቸው ነበር፣ እርሳቸውም ታደሰን ያለቅሱት ነበር፣ በማግሥቱም አመሻሽ ላይ ጅቡ ልጅቷን ይበላት ነበር፣ እኔም ፈርቼ እጠጋቸው ነበር።