ቁልፍ ከምላስ ሥር

ሰንሰለት አይዘውም፣ ሳጥን አያስቀረውም የተባለለትን ዝነኛ ሰውዬ ከመድረክ ጀርባ ላየ የበላው አይረጋለትም። ኮቱ ከፊት በወርቅማ ጥልፍ ያብረቀርቃል፤ ብብቱ ግን የዓመታት ላብ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። ካቴናው እንዲንሸራተትለት እጁን በቫዝሊን ይለቀልቅና በዚያው እጁ አድናቂዎቹን ይጨብጣል፤ እነሱም ከእንግዲህ አንታጠብም ብለው ይምላሉ። ጋዜጦቹማ «የነጻነት አባት» እያሉ ያሽቃብጡለታል።

የነጻነቱ ምስጢር ሚስቱ አፍ ውስጥ ነው። በካቴና ታስሮ የሚቆለፍበት ሳጥን ከመዘጋቱ በፊት ተሰናባች መስላ ትስመዋለች፤ ያኔ ቁልፉ ከእሷ ምላስ ሥር ወደ እሱ ጉንጭ ይሻገራል። ሕዝቡም ፍቅር መስሎት ያለቅሳል።

ዛሬ የሴትየዋ ጉንጭ አብጦ ዓይኗን ሊደፍነው ደርሷል።

«ጥርሴ መግል ይዟል። በሞቴ፣ ዛሬ እንኳ ሐኪም ዘንድ ልሂድ» አለችው።

«ሕዝብ ትኬት ቆርጦ? ምነው ሴትዮ፣ በጥርስ የሞተ ሰው አይተሻል?» አለ፣ ጢሙን በመስታወት እያሳመረ። «ደግሞ ያበጠው ግራው ነው፤ በቀኝ ያዢው።»

«አንተስ ከሁሉ ታመልጣለህ፤ እኔስ?»

«አንቺን ደግሞ ማን አሰረሽ!»

ሳመችው። አዳራሹ ተላቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ጀግናው እጁን ዘርግቶ ከሳጥኑ ሲወጣ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። መጋረጃው እንደወረደ የመጀመሪያ ሥራው መትፋት ሆነ። አፉን በእጅጌው ጠራረገና ግድግዳ ተደግፋ የምታቃስተውን ሚስቱን ተጸይፎ አያት።

«ምን ዓይነት ሴት ነሽ? ቁልፉ እኮ ይሸታል!»