ከሐኪም የደበቅሁት ቅጠል

ጌታ ይባረክ፣ ቅዱሳን። ማይክ መያዝ አልለመድኩም፤ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብቀመጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እኔ አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። አምና እግሬ አብጦ ሆስፒታል ስሄድ፣ ደም ሥርሽ ውስጥ ደም ረግቷል ተባልኩና ደም የሚያቀጥን ኪኒን ታዘዘልኝ። ያኔ ጌታን አላውቅም። ልጄ ቤቴል እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያናችን እየመጣች ትጸልያለች፤ እኔ "አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ሥራ አለብኝ" እላታለሁ።

ታዲያ ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ፣ "ይሄ እግር ውሃ ነው የሞላው" ብለው ዳንዴሊዮን አሳዩኝ። ያቺ በየሣሩ የምትበቅለው፣ ፈረንጅ አረም ብሎ መርዝ የሚረጭባት ቢጫ አበባ ናት። መርዝ ካልነካው ቦታ ቅጠሏን እየለቀምኩ፣ እንደ ጎመን ቀቅዬ በየቀኑ በላሁ። እውነትም ታሸናለች፣ እብጠቱ ጎደለ! እትዬ ግን "ለሐኪም እንዳትነግሪ፣ መድኃኒት ሲወራ ይረክሳል" አሉኝ። እኔም ጭጭ አልኩ።

ደሜ ሲመረመር ግን አልቀጥን አለ። ሐኪሟ የኪኒኑን መጠን፣ ዶዙን፣ ጨመረች፤ ያው ነው።

"ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?"

"ኧረ ምንም።"

በመጨረሻ፣ "የረጋው ደም ወደ ሳንባሽ ከሄደ ሊገድልሽ ይችላል" አለችኝና ወረቀት ልታመጣ ወጣች። ፈራሁ፣ ወገኖቼ፣ በጣም ፈራሁ። አብራኝ የመጣችው ቤቴል እጄን ይዛ "ጌታ ሆይ፣ የተሰወረውን ግለጥልን" ብላ ጸለየች። ስለ ቅጠሉ ምንም አታውቅም እኮ፤ እሷ ሥራ ስትሄድ ነው የምበላው። እዚያው አለቀስኩ። ሐኪሟ ስትመለስ ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

ሳቀች። "ተክሏ ክፉ አይደለችም" አለች። "ፖታሲየም አላት፤ ሥሯም መራራ ስለሆነ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ይባላል። ቅጠሏ ግን ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው፣ እሱ ደም እንዲረጋ ያግዛል። እኔ ላቀጥን ስታገል አንቺ በጎን ታወፍሪያለሽ!"

ቅጠሉን አስተወችኝ፣ ዶዙን ቀነሰችልኝ፣ ደሜ ተስተካከለ። ስሙ ይባረክ! የተሰወረውን የገለጠው እሱ ነው ብዬ፣ በዚያው ሰሞን የልቤን ሁሉ ነግሬው ጌታን ተቀበልኩ። እትዬንም "መድኃኒቱ እንዳይረክስ ብዬ እኔ ልሞት ነበር" ብላቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ወገኖቼ፣ ሐኪም የደበቃችሁትን አያውቅም። ጌታ ግን ያውቃል፣ እያወቀም ይወዳችኋል። ዛሬ ጭንቀቱን በሆዱ ይዞ የተቀመጠ ካለ ለጌታ ይንገረው። እኔ ነገርኩት፣ አላሳፈረኝም።