ባሕር አጠገብ ላለው ቤት የበር ሞተር ስንመርጥ

ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ የሸዋ ሮቢት ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ገብቶ ባጃጆቹ እንኳ ዛፍ ሥር ሲያንቀላፉ፣ ከቤቴ በር ላይ ሆኜ ወደ ደሴ የሚሄደውን አስፋልት አያለሁ። ሙቀቱ መንገዱ ላይ ይርገበገባል፤ ከሩቅ ሲያዩት የተኛ ውኃ ይመስላል። የጭነት መኪኖች ጎማቸው ሳይታይ ከዚያ ውኃ ውስጥ ብቅ ይላሉ፤ እየቀረቡ ሲመጡ ውኃው ይጠፋል። ልጄ ባሕር አጠገብ ቤት አገኘን ብላ ስትደውልልኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ይህ የመንገዱ ውኃ ነው። እዚያ ላይ እንዴት ቤት ይቆማል እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ።

ልጄ ከባሏ ጋር ጅቡቲ ትኖራለች። ባሏ ወደብ ላይ ሹፌር ነው፤ እሷ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትወለድ የሚይዝላቸው ሰው ስላልነበረ፣ ሕፃኗን ጡት እንዳስጣለቻት እኔ ዘንድ አመጣቻት። ሦስት ዓመት እስኪሞላት አሳደግኳት። አዲሱ ቤት ሲገኝ መጥተው ወሰዷት። ከሄደች በኋላም የቤቴን በር ደፍ ስሻገር እግሬን ከፍ አድርጌ ነበር የማልፈው፤ እንዳልረግጣት።

ምክንያቱም ልጅቷ የምትተኛው እዚያ ነበር። በእኛ ቆላ ቀትር ላይ ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ቆርቆሮው እንደ ምድጃ ነው። ውጭም አይተኛም፤ ፀሐይ ነው። ነፋስ የሚያልፍበት አንድ ቦታ ቢኖር በር ነው። ስለዚህ ደፉ ላይ ውኃ ይረጫል፣ ሰሌን ይነጠፋል፣ ግማሽ አካል ውስጥ ግማሽ አካል ውጭ ሆኖ ጋደም ይባላል። እንግዳ ቢመጣ አትነሺ ብሎ ተሻግሮ ይገባል። ልጅቷም እንዲህ ሆና አደገች። እንቅልፍ ሲመጣባት ትራሷን እየጎተተች በር ፍለጋ ትሄዳለች።

የጅቡቲው ቤት ከሥሩ የመኪና ማደሪያ አለው። በሩ በባሕሩ በኩል ነው። ወደ ጎን የሚከፈት አይደለም፤ ወደ ላይ ተነስቶ ጣሪያው ሥር የሚገባ የብረት በር ነው። ዝጓል፣ ይከብዳል፤ ልጄ ወገቧን ስለሚያማት ልታነሳው አትችልም። ስለዚህ በሩን ቀይረው በሪሞት የሚከፍት ሞተር ሊያስገቡ ተነሱ። ልጄ የመጋረጃ ጨርቅ ስትገዛ እንኳ እኔን ሳትጠይቅ አትቆርጥም፤ ሞተሩንም ጠየቀችኝ። የሦስቱን ፎቶ ላከችልኝ።

አንደኛው በሩን በሰንሰለት የሚጎትት ነው። ሁለተኛው በላስቲክ ቺንጋ ነው። ሦስተኛውም ቺንጋ አለው፤ ነገር ግን በሩ ከተከፈተ ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካው ራሱ ይዘጋል። ልጄ ሦስተኛውን ወዳዋለች።

«ይህ ሰው እንኳን በር አፉንም ዘግቶ አያድርም» አለችኝ ስለ ባሏ። እሱ ከኋላ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል።

እኔ ደግሞ ራሱን የሚዘጋ በር ደስ አላለኝም። እኛ ቤት ጀምበር ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ልጅ ይሰበሰባል፤ በር የሚዘጋውም ቢስሚላህ ተብሎ ነው። ራሱን ለሚዘጋ በር ማን ቢስሚላህ ይልለታል ብላት፣ ሻጩን ቢስሚላህ የሚል ሞተር አለህ ወይ ብዬ ልጠይቅልሽ አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ወሬውን ስትቀጥል እንዲህ አለች፤ ይህች ልጅሽ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተነጥፎላት፣ ሄዳ የምትተኛው መኪና ማደሪያው በር ላይ ነው። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ከጎረቤት ልጆች ሳይሆን አይቀርም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ከላይ የሚወርድ የብረት በር፣ ከሥሩ የተኛች ልጅ። መንገዱ ላይ ያለው ውኃ ይርገበገብ ነበር፤ እሱን እያየሁ በሩ ከሰማይ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ሲወርድ ይታየኛል።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ የእኔን የግቢ በር ወደ ሠሩልኝ በያጅ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ በእጃቸው ያላለፈ የበር ዓይነት የለም።

«ጋሼ፣ ባሕር አጠገብ የሚሆን የበር ሞተር ያውቃሉ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «እትዬ፣ እዚህ ሮቢ ወንዝ እንኳ በበጋ ጫማ አያርስም። ባሕሩን ከየት አመጡብኝ?»

ፎቶዎቹን አሳየኋቸው። የባሕር አየር ምን እንደሚመስል እሳቸውም አያውቁም፤ ግን ጨው አለው ሲባል ሰምተዋል። ጨው ከሆነ እኔ አውቃለሁ አልኳቸው። አባቴ ከአፋር የሚመጣ ጨው ይሸጥ ነበር። ጆንያዎቹን ከብረቱ በር ጋር አስጠግቶ ይደረድራቸዋል። በሩ ከሥሩ እየተበላ፣ እየተላጠ፣ መጨረሻ ላይ ድመት የምታልፍበት ቀዳዳ ሆነ። ማጠፊያው እጅ ላይ እንደ ቆሎ ገለባ ይረግፍ ነበር። ቀለም ብንቀባውም ከቀለሙ ሥር ይበላዋል።

«እንግዲያው ምን አስጠየቀዎት?» አሉኝ። «ሰንሰለቱን ይተዉታ። ላስቲክ አይዝግም።» መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚፈታበት ገመድ እንዳለውም ይጠይቁ አሉኝ። ይህንን ያለ እኛ አገር ሰው ማንም አያስብም ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ዋናውን ጠየቅኋቸው። ራሱን የሚዘጋው በር ሥሩ ሰው ቢኖርስ? ዓይን አለው አሉኝ። ከበሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ ዓይኖች ይገጠማሉ፤ አንዱ ለሌላው ብርሃን ይልካል። መካከል ላይ ሰው ቢቆም ብርሃኑ ይቋረጥና በሩ ይመለሳል።

«ዓይኑ የት ጋ ነው የሚገጠመው?»

«እንደ ገጣሚው ነው» ብለው በእጃቸው ጉልበታቸውን ነካ አደረጉ።

ወደ ቤት ስመለስ የሽንኩርት ማሳው ውኃ ጠጥቶ ያበራል፤ ከማሳው ወዲያ ያለው ተራራ በጭጋግ ውስጥ ይንሳፈፋል። እኔ የማየው ግን ጉልበት ላይ የተገጠመ ዓይን ነው፤ የቆመ ሰው የሚያይ፣ የተኛ የማያይ። ቤት ስደርስ ሰሌኑን ደፉ ላይ አንጥፌ፣ ልጅቷ በጎኗ ስትተኛ ምን ያህል ከፍ እንደምትል በስንዝሬ ለካሁ። የለችም፤ ግን ትከሻዋ የት ጋ እንደሚደርስ እጄ ያውቀዋል። አንድ ስንዝር አትሞላም።

ለልጄ ደውዬ ቺንጋ ያለውን ግዢ፣ ሰንሰለቱን ጨው ይበላዋል አልኳት፤ የገመዱንም ነገርኳት። ራሱ የሚዘጋውን ተይው ሳልላት ግን ስልኩን ዘጋሁ። ለምን ብትለኝ ምን እላታለሁ? አምነሽ የሰጠሽኝን ልጅ በር ላይ መተኛት አስተማርኩልሽ ልበላት? ሁለቱም ቺንጋ ስለሆኑ የወደደችውን ሦስተኛውን ገዛች።

ከጥቂት ቀን በኋላ በቪዲዮ ደወለች። ልጅቷን ታቅፋታለች። በሩ ተዘግቶ ክፍሉ ጨለም ብሏል። ሪሞቱን ስትጫን በሩ ያለ ድምፅ ማለት ይቻላል፣ ከሥሩ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ ቀጭን ብርሃን ገባ። ከዚያ አሸዋ ታየ። ከዚያ ባሕሩ።

የመንገዱን ውኃ አይመስልም። ቢቀርቡትም አይጠፋም፤ እዚያው ነው። እስከ ሰማዩ ድረስ ሄዶ ይቆማል፤ የት ላይ እንደቆመ አይለይም። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይነፍሳል፤ ፊቴን ነካኝ ብዬ ነበር። ለምን እንደጠራችኝ ረሳሁ። ልጅቷ አያቴ፣ አያቴ እያለች ትጠራኛለች፤ እኔ ውኃውን አያለሁ። እንዲህ ፈዝዤ ሳለሁ በሩ ማንም ሳይነካው መውረድ ጀመረ። ባሕሩ ጎደለ፣ ጠበበ፣ መስመር ሆነ፣ ጠፋ።

«አየሽው አይደል? ራሱ ነው የሚዘጋው» አለች ልጄ።

ዓይኑን አሳዪኝ አልኳት። ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ትንሿ ጥቁር ዓይን ከጉልበቷ ትይዩ ነበረች። ገጣሚው አሸዋና ውኃ እንዳይረጭባት ብሎ ከፍ አድርጓታል። ልጄ በሥራው ደስ ብሏታል፤ ጠንቃቃ ሰው ነው እያለች ታመሰግነዋለች።

«ያቺ ልጅ በር ላይ መተኛቱን ከጎረቤት አልተማረችም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያስለመድኳት። ውኃ ረጭቼ፣ ሰሌን አንጥፌ፣ ደፍ ላይ ሳስተኛት የኖርኩት እኔ ነኝ። ዓይኑ እሷን ከተኛች አያያትም።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እማ» አለችኝ፣ «እኔንስ የት ነበር የምታስተኚኝ?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ብቻ፣ ልጅቷን አስቀምጪያትና አንድ ነገር ከበሩ ሥር አጋድመሽ ሞክሪው አልኳት። ከእኛ አገር የላክሁላትን የማሾ ጥራጥሬ በጨርቅ ከረጢቱ እንዳለ አመጣች። ስንዝር የማይሞላ፣ ድቡልቡል ያለ ከረጢት ነው። በሩን ከፈተችና ደፉ ላይ አጋደመችው። ራሱ እስኪወርድ ጠበቅን።

በሩ ወረደ። ዓይኑ ምንም አላየም። ከረጢቱ ላይ ደረሰ፣ ተጫነው፣ ትንሽ ቆም ብሎ ሌላ ትንሽ ተጫነ። ከዚያ ነው ወደ ላይ የተመለሰው። ከረጢቱ ከስፌቱ ተተርትሮ ማሾው እየተንከባለለ ወደ አሸዋው ፈሰሰ። አረንጓዴው ፍሬ በባሕሩ ብርሃን ያብረቀርቃል።

ልጄ አልጮኸችም። ልጅቷን ከመሬት አንስታ ታቀፈቻት፤ ስልኩ እጇ ላይ ተገልብጦ የማየው ጣሪያውን ብቻ ሆነ። ትንፋሿን እሰማለሁ። ባሏን ስትጠራው ድምፅዋ ቀጭን ነበር። በሩን ከሞተሩ አላቅቀህ በእጅ ዝጋው፣ ገጣሚው እስኪመጣ ማንም ሪሞቱን እንዳይነካ አለችው። እሱም እሺ ብቻ አለ፤ አልቀለደም።

ገጣሚው በማግስቱ መጣ። ዓይኖቹን ወደ ታች አውርዶ ከወለሉ አራት ጣት ብቻ ከፍ አድርጎ ገጠማቸው። አሸዋው ይሸፍናቸዋል ብሎ ሲከራከር ልጄ በየቀኑ ጠዋት በጨርቅ እወለውላቸዋለሁ አለችው። ራሱን የሚዘጋበትን አስጠፋችው። በሩ አንድ ነገር ሲነካ ቶሎ እንዲመለስም አስተካከለው። አሁን የሚዘጋው አጠገቡ የቆመ ሰው ሪሞቱን ሲጫን ነው፤ ሰውየውም መጀመሪያ ወደ ደፉ ማየት አለበት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እንደገና በቪዲዮ ደወለችልኝ። በማሾው ፋንታ የልጅቷን ትራስ ደፉ ላይ አጋደመች። ልጅቷ የአባቷ ትከሻ ላይ ናት። በሩ ወደ ታች ሊወርድ ገና ንቅንቅ ሲል ዓይኑ ትራሱን አየና ቆመ፤ ተመልሶ ወደ ላይ ሄደ። ባሕሩ እንዳለ ቀረ።

ልጅቷ አጨበጨበች። ድገሚው አለች። ልጄ ደገመችው። በሩ ንቅንቅ ይላል፣ ይመለሳል፤ ውኃው ከኋላው ሰፍቶ ይተኛል። ትራሱን ወደ ግራ አስጠጊው አልኳት፤ አስጠጋችው፣ በሩ ተመለሰ። ወደ ቀኝ አልኳት። አስተኝተሽ ብቻ ሳይሆን ጠፍጠፍ አድርጊው አልኳት። ልጅቷ ሰልችቷት የአባቷን ኮፍያ ማውለቅ ጀምራለች።

«እማ፣ ስንት ጊዜ ነው?» አለች ልጄ።

«አንዴ ብቻ ድገሚው» አልኳት።