ባለወፍጮው ምን አለ

ከሃንጋሪኛ ወደ አማርኛ ቆሜም ተቀምጬም፣ ምግብ እያኘክሁም ጭምር በቀጥታ የምተረጉም ሰው በመላው ጆሃንስበርግ ከእኔ ሌላ የለም። በመላው አፍሪካ ብልም የሚከራከረኝ አይገኝም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ሃንጋሪኛ አልችልም። አንዲት ቃል አላውቅም። ሃንጋሪ የሚባል አገር መኖሩን ራሱ የሰማሁት በኮሮናው ሎክዳውን ጊዜ፣ ሂልብሮው ሰፈር ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተዘግቶብኝ ሳለ ነው።

ሙያው ግን ነበረኝ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ የህንድ ፊልም እተረጉም ነበር። ማይክራፎን ይዤ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆማለሁ፤ ተዋናዩ ሲያለቅስ አለቅሳለሁ፣ ሲዝት እዝታለሁ፣ ልጅቷ ስትዘፍን ደግሞ ስለ አባቷ ክፋት ለተመልካቹ አስረዳለሁ። ህንድኛ እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ። ሰው ግን እንባውን እየጠረገ ይወጣ ነበር።

የምንኖርበትን ፍላት፣ አፓርታማውን ማለቴ ነው፣ በስማቸው የተከራዩት እትዬ የምንላቸው ሴትዮ ናቸው። የሐበሻ ገበያ በሆነው ጀፕ መንገድ ላይ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራቸው፣ ያኔ ተዘግቷል። ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸው ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን ይቀመጣል። በር ያለው ክፍል አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የእሳቸው ነው። ሳሎኑ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የዱራሜው። ዱራሜው፣ በትውልድ ከተማው የምንጠራው፣ ጻካኔ በሚባል ራቅ ያለ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ሱቁን ዝጋ ሲባል ወደ እኛ የመጣ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው። እኔና እትዬ ኦርቶዶክስ ነን፣ እሱ ጴንጤ ነው። በዚህ ጉዳይ ቀልድ እንጂ ጠብ ኖሮን አያውቅም።

የህማማት ሳምንት ገባ። በህማማት እኛ አንሳሳምም፣ አንጨባበጥም፤ ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ ሰጥቷልና። ቤተ ክርስቲያን ዝግ ስለሆነ እትዬ በፍሪጁና በግድግዳው መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ይሰግዳሉ። ዱራሜው ሌላ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ትከሻችንን ሳይገጭ ውሎ አያውቅም። ሰኞ ዕለት ግን መስኮቱ ስር ሆኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሩቅ ጎንበስ አለልን። ማክሰኞም እንደዚያው። ምግቡንም ለብቻው ይዞ ጥግ ያዘ። የእትዬ ልብ ተነካ።

"አየኸው?" አሉኝ። "ጴንጤው እንኳ አክብሮን ከሰላምታ ተቆጠበ። አንተ ግን ትናንት አይብ ስትልስ ያዝኩህ።"

"አይብ አልነበረም እትዬ፣ ማዮኔዝ ነው።"

"ማዮኔዝ ከምን ይሠራል?"

ይህን ርዕስ ትተን ወደ ዱራሜው ተመለስን። እኔማ እስከ ፋሲካ እናጠምቀዋለን ብዬ የክርስትና ስም ሳማርጥለት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት፣ እትዬ ሰግደው ቀምሰው ከተቀመጡ በኋላ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ። መንገድ ከመዘጋቱ በፊት ጀፕ ላይ ከገዛሁት ፍላሽ የቀረን አንድ ፊልም ብቻ ነበር። የሸጠልኝን ልጅ ደውዬ ስጠይቀው "የሃንጋሪ ነው፣ የጦርነት ነው፣ እንግሊዝኛው ከስር ተጽፏል" ብሎኛል።

"በህማማት ፊልም?" አሉ እትዬ።

"ፊልም አይበሉት፤ ስግደት ነው። ጀምሬ አይቼዋለሁ፣ አንድም ሰው አይስቅበትም።"

እውነትም አይሳቅበትም። በረዶ፣ በረዶ፣ ከዚያ አንድ ወፍጮ ቤት። ባለወፍጮው ከሚስቱና ከሁለት ትንንሽ ልጆቹ ጋር ይኖራል። ጎተራው ውስጥ የታመመ ወታደር ተደብቋል። የሚፈልጉት ወታደሮች እሱ የለበሰውን ነው የለበሱት፤ ስለዚህ ከጦሩ ከድቶ ነው ብዬ ተረጎምኩ። ከተገኘ ቤቱ ይቃጠላል፣ ካልተገኘም በሽታው ልጆቹን ይይዛል ብዬ አከልኩ። ከፎቃችን ስር መንገዱ ላይ ደግሞ የእውነቶቹ፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች በድምፅ ማጉያ "ቤታችሁ ግቡ" እያሉ ያልፋሉ። አንዳንዴ የትኛው ጩኸት ከፊልሙ፣ የትኛው ከመንገዱ እንደሆነ ይምታታብን ነበር።

ጎተራው ውስጥ ያለውን ወታደር ሳል ያዘው። ከእኛው መስኮት ጥግ ሌላ ሳል መለሰለት።

ዞር ስንል ዱራሜው ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ፊልሙን አቆምኩት።

"መቼ ጀመረህ?" አሉ እትዬ።

"እሁድ።"

"ታዲያ ያ ሰላምታ..."

"ለህማማቱ አልነበረም እትዬ። እርስዎ ስኳር አለብዎት፣ እንዳይይዝዎ ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"ብናገር የት እሄዳለሁ?" አለና ጫማውን በእግሩ ይፈልግ ጀመር። "አሁን ልሂድ። ሱቁ ውስጥ ከካርቶኖቹ መሀል እተኛለሁ።"

ጻካኔ በእግር የሚደረስበት አይደለም። ታክሲ የለም፣ መንገዱን ወታደር ይዞታል፣ እሱም ቆሞ መተንፈስ አቅቶታል። ቢወጣ ደረጃው ላይ ነው የሚቀረው። ቢቀር ደግሞ በዚያ ሰሞን ስኳር ያለበት ሰው ይህ በሽታ ሲይዘው ምን እንደሚሆን ከየስልኩ እየሰማን ነበር። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማዳን የሚቻልበት መንገድ አልታየኝም።

"ተቀመጥ" አሉት እትዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ፊልሙን ልቀቀው። ባለወፍጮው ምን እንደሚል ልስማ።"

ለቀቅኩት። ባለወፍጮው ፋኖስ ይዞ የጎተራው በር ላይ ቆመ። ሚስቱ ከኋላው ልጆቹን አቅፋለች። ለወታደሩ ብዙ ተናገረ። ፊቱ አይቆጣም፣ አያዝንም፣ እንጨት ነው። ፊደሎቹ ከስር ይሮጣሉ።

"ምን አለ?"

ቪዲዮ ቤት ሳለሁ ተሳስቼ ሰው ብገድል፣ በሚቀጥለው ሰዓት ላዲሱ ተመልካች አስነሳው ነበር። እዚህ ግን ያለነው ሦስት ነን፤ የሞተውን የማስነሳበት ሌላ ሰዓት የለም።

"'ልጆቼ ሲያድጉ ይጠይቁኛል' አለ" አልኳቸው። "'በሽታው ቢጎዳን፣ በሽታ ነው እላቸዋለሁ። በር ዘግቼብህ ብትሞት ግን ምን እላቸዋለሁ?' አለው።"

"እንዲህ አለ?"

"እንዲያውም አሳጥሬው ነው እትዬ።"

ወታደሩ ይውጣ፣ ይግባ፣ ፊልሙ አላሳየንም። በረዶውን አሳየና አለቀ።

እትዬ ተነሡ። ክፍላቸው ገብተው ብርድ ልብሳቸውንና የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው ወጡ። "ክፍሉ በር አለው፣ መስኮትም አለው። ግባ። እኔ መጋረጃው ጋ እተኛለሁ" አሉት።

ዱራሜው እምቢ አለ።

"እምቢ ካልክ በህማማት እስምሃለሁ" አሉ እትዬ። "ኃጢአቱም በሽታውም የጋራችን ይሆናል።"

ገባ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። ምግቡን በሩ ስር አስቀምጠን፣ አንኳኩተን እንሸሻለን። ሳሉ በግድግዳው በኩል ይመጣል፤ ሲጠፋ ደግሞ ይብሳል፣ ጆሯችንን ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን። ሊፍቱ ስለማይሠራ አንድ ቀን ከሰዓት ከላያችን ካለው ፎቅ በነጭ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ሰው በደረጃው ተሸክመው አወረዱ። በራችን ጋ ሲደርሱ ሊያርፉ ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማ ነበር። የዚያን ቀን ማንንም አላሳቅኩም።

ጠዋት ጠዋት የእትዬን ፊት እሰልላለሁ። "ትኩሳት የለዎትም?" እላለሁ። "የሚያተኩሰኝ የአንተ ጥያቄ ነው" ይሉኛል። እሳቸው ቢታመሙ የባለወፍጮው ንግግር በእኔ ላይ እንደሚቆጠር አውቅ ነበር። ሰውየውን ያናገርኩት እኔ ነኝ።

ፋሲካ ዕለት በሩን አንኳኩተን "ክርስቶስ ተንሥአ" አልነው። ከውስጥ ደከም ያለ ድምፅ "አሜን፣ ተነሥቷል" አለን፤ መልሱ የጴንጤ ቢሆንም ተቀበልነው። ከሰነበተ በኋላ ሱሪውን በእጁ እንደያዘ ወጣ፣ ወገቡ ጠፍቶ። እትዬን ምንም አልነካቸውም። ለምን እንደተረፉ አላውቅም።

ምግብ ቤቱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ቀን እትዬ ሽንኩርት እየላጡ፣ ዱራሜውና እኔ ከአንድ ሳህን እየበላን፣ ድንገት ጠየቁኝ።

"ባለወፍጮው የዚያን ቀን ምን አለ?"

"ነገርኩዎት እኮ።"

"የነገርከኝ ያንተ ነው፤ ያኔም ጠርጥሬያለሁ። ክፍሌን የለቀቅኩት በራሴ ነው፣ አትፍራ። ግን ያ ሰውዬ የባሰ ነበረበት፣ ልጆች ነበሩት። እሱ ምን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።"

አንድ ቀልድ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። ዱራሜውም ጉርሻውን ይዞ ይጠብቀኛል።

"አላውቅም እትዬ" አልኩ።

"ከስር ተጽፎ የለም እንዴ?"

ተጽፏል። እኔ ግን ማንበብ አልችልም። እንግሊዝኛዬ ጀፕ ላይ "ማይ ፍሬንድ፣ ጉድ ፕራይስ" እያልኩ በአፌ የለቀምኩት ነው። ትምህርት ያቆምኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው፤ የእንግሊዝኛ ፊደል እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።