ውሃው ዝም ያለ ዕለት

እኔ ነፍስ ያወቅሁት ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ የአያ እንድሪስን ተረት እየሰማሁ ነው። አያ እንድሪስ የእናቴ አጎት ናቸው፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን ስላጠፋው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ያኔ ምሽት ምሽት የማሽላ አገዳ እየነደደ፣ ጭሱ ዓይን ያለውንም የሌለውንም እኩል እያስለቀሰ፣ እሳቸው ቃጫ እየገመዱ ያወሩልናል። ኩራዙ ጋዝ ጨርሶ ድርግም ሲል እኛ ስንንጫጫ እሳቸው ወሬያቸውን አያቋርጡም፤ መጥፋቱን የሚያውቁትም በእኛው ጫጫታ ነበር። አንበሳ ምን እንደሚመስል ነግረውን አያውቁም። ሲራመድ ሣሩ እንዴት እንደሚንሿሿ፣ ጠግቦ ሲተኛ እንዴት እንደሚተነፍስ ግን አሳምረን እናውቅ ነበር።

እሳቸውን ባነሣሁ ቁጥር ታዲያ ከናፍቆቱ ቀድሞ የሚመጣብኝ ንዴት ነው።

አሥር ዓመቴ ነበር። በእኛ አገር የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ተራ የሚያስጠብቁት፣ ጠብ ሲነሣም የሚዳኙት ሰው የውሃ አባት ይባላሉ። የእኛ ተራ በየስምንት ቀኑ፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ እኩለ ቀኑ የዙህር ሶላት ነው። እናቴ ያለ አባት የምታሳድገን ሴት ስለሆነች ያቺ የሽንኩርት ማሳ ልብሳችንም ደብተራችንም ነበረች። የዚያን ዕለት እናቴ ገበያ መሄድ ስለነበረባት አያ እንድሪስንና እኔን ቦዩ ዳር አስቀምጣን ሄደች።

ረፋዱ ላይ አያ እንድሪስ ገመዳቸውን ተዉና ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ውሃው ዝም አለ» አሉኝ።

ብድግ ብዬ አየሁ። ቦዩ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ወርጄ ውሃው ወደ ማሳው የሚገባበትን እንድመለከትላቸው ለመኑኝ፤ እኔ ግን እሾሁንና ፀሐዩን ፈርቼ ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ ሙሉ ነው አልኳቸው። ሁለተኛም ሦስተኛም ጠየቁኝ፤ ሦስቴም ያንኑ መለስኩ።

እናቴ ስትመለስ መግቢያው አጠገብ ካሉት ጥቂት መደቦች በስተቀር ማሳው ደረቅ ነበር። ከእኛ በላይ የሚያጠጣው ጎረቤታችን ይመር ውሃዬን ጠለፈብኝ ብላ ለውሃ አባት ከሰሰች። የመንደሩ ሽማግሌዎች ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ቦዩ ዳር ተሰበሰቡ። ይመር ወላሂ አልነካሁም ብሎ ካደ። አያ እንድሪስ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡና ውሃው ከረፋድ ጀምሮ ዝም ማለቱን ተናገሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አንዱማ ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣው ብሎ አላገጠ። የውሃ አባት ሳቁን ሊያበርዱ እንኳ አልሞከሩም፤ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ምን አየሽ?»

«ቦዩ ሙሉ ነበር።»

«በዓይንሽ በብረቱ?»

«በዓይኔ በብረቱ።»

አልዋሸሁም። እናቴ ግን በዚያች ቃሌ ተረታች፤ ሽንኩርቱም እስከ ስምንት ቀን ውሃ ሳያገኝ እንዲቆይ ተፈረደበት። እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው። እህል መድረሱን በጥርሳቸው ሰብረው የሚያውቁ፣ ቅቤ በአፍንጫቸው የሚገዙ፣ ዝናብ መቅረቡን በጉልበታቸው ቁርጥማት የሚናገሩ ሰዎች ናቸው እኮ! ለምስክርነት ሲሆን ግን ከዓይን በቀር ሌላው አካላቸው ሁሉ ጠፋባቸው። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲሰማ የኖረን ጆሮ፣ እሾህ ፈርታ መውረድ ባልቻለች ልጅ ዓይን ረቱት።

የዚያን ምሽት አያ እንድሪስ ጉጉትና አውራ ዶሮ ተካሰሱ ብለው ጀመሩ። ዶሮው በሌሊት ምንም አይታይም ይላል፤ ጉጉት ደግሞ አይጥ ለመያዝ የሚበቃ ብርሃን አለ ትላለች። ዝንጀሮ ዳኛ ሆኖ በጠራራ ፀሐይ ተሰየመ። ጉጉት ዓይኗን እያጨናበሰች ስትመጣ ከግንድ ጋር ተላተመች፤ ዳኛውም ይቺ ግንድ የማታይ ነች የምትመሰክረው ብሎ ፈረደባት። ትንሹ ወንድሜ ሳቀ። እኔ ግን በሌሊት ይታይልኝ ብላ ለምን አልጠየቀችም አልኳቸው።

«ዳኛው በሌሊት አያይማ» አሉና ገመዳቸውን ጠበቅ አደረጉት።

በስምንተኛው ቀን ተራችን ደረሰ። እናቴ ከማሳው ታች፣ ውሃው እስኪደርሳት የደረቀውን እየነቀለች ነበር። ረፋዱ ላይ የአያ እንድሪስ እጅ ድንገት ቆመ። ወዲያው መልሰው መገመድ ጀመሩ። ውሃው ዝም ብሎ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አንቺ ዓይን አለሽ፤ እይው» አሉኝ።

ቦዩ ሙሉ ነበር። ወርጄ እግሬን ብነክር ውሃው ወዴትም አይሄድም። እሾሁን እየረገጥኩ መግቢያው ጋ ስሮጥ በጭቃና በሣር ተደፍኖ አገኘሁት፤ ከፍ ብሎ ደግሞ በቅጠል የተሸፈነ ቀዳዳ ውሃውን ወደ ይመር ማሳ ይልከዋል። ጮህኩ። እናቴ የውሃ አባትንና ሽማግሌዎቹን ጠርታ መጣች። ድፍኑን አዩ፣ ቀዳዳውን አዩ፣ «አሁን አየን» አሉ። ባለፈው ተራችን ግን ይመር ሰው ሳይመጣ ሁሉንም እንደነበረ መልሶት ኖሯል። ይመርን ቀጡት፤ የእሱንም ተራ ለእኛ ሰጡን። የሽንኩርቱ እኩሌታ ግን ሞቶ ነበር።

አሁን የምኖረው ወልድያ ነው። ባጃጅ ውስጥም ሆነ ቢሮ፣ ሰው «በዓይኔ በብረቱ» ብሎ ሲፎክር በሰማሁ ቁጥር ወርደህ እግርህን ነክረሃል ወይ ልለው ይቃጣኛል። ዋሽቷል ብዬም አይደለም፤ እኔም አልዋሸሁም ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የዚያ የመጨረሻው ቀን ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ አሁን አየን ብለው ሲበተኑ አያ እንድሪስ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። አንዳቸውም ዞር ብለው «እንድሪስ፣ ልክ ነበርክ» አላሏቸውም። እኔም አላልኳቸውም። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብረውን ኖሩ፤ እስኪሞቱ ድረስ አላልኳቸውም።