ለኪዳነ ምሕረት የተሳለው ማር

በ1979 ዓ.ም. ክረምት የርብ ወንዝ ከአፉ ገንፍሎ የፎገራን ሜዳ አለበሰው፤ ወደ ወረታ የሚያስኬደውም መንገድ ውሃ ስር ጠፋ። ከብቱ ወደ ዳገቱ ወጥቷል። ቤት የቀሩት ውባየሁ፣ ልጇ አገኘሁሽና የአገኘሁሽ ልጅ ጸሐይነሽ ነበሩ። ጸሐይነሽ ሁለት ዓመት አልፏታል። ተቅማጡ ከያዛት ወዲህ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ስታለቅስም እንባ የላትም።

ውባየሁ ባሏ ሲሞት እንኳ ብዙ ያልጮኸች ሴት ናት። የምትፈራው ለወንድ ልጇ ለደሳለው ነው። ደሳለው አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። እኩዮቹን ለብሔራዊ ውትድርና ከገበያ መሐል ሲያፍሷቸው በዓይኗ አይታለች። ስለዚህ ተሳለች፤ «ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን ሰውሪልኝ፤ እኔም በየዓመቱ በነሐሴ በዓልሽ አንድ ገንቦ ማር አስገባለሁ» አለች። ማሩን ባስገባች ቁጥር ደሳለው በተከታዩ ክረምት በደህና ቤቱ ይገባል። የዘንድሮው ገንቦ አፉ በሰም ታሽጎ ጓዳ ተቀምጧል፤ ሌላ ማር ቤት ውስጥ የለም። ከዚያ ገንቦ ጣቱን የሚነክር ሰው በቤቱ የለም።

ደሳለው ይፋግ አክስቱ ዘንድ ሰንብቶ፣ በትር ይዞ ውሃውን እያቋረጠ፣ እስከ ደረቱ ርሶ ደረሰ። ሕፃኗን አየና ልብሱን ሳይቀይር አጠገቧ ተንበረከከ። የሆዷን ቆዳ በጣቶቹ ቆንጠጥ አድርጎ ለቀቀው፤ ቆዳው እንደተነሣ ቀረ።

«ምን እየሰጣችኋት ነው?»

«ጨው በውሃ» አለች አገኘሁሽ። «የጤና ረዳቱ ጨውና ስኳር ብሎ ነበር። ስኳሩ ከገበሬ ማኅበሩ ሱቅ ካለቀ ሰነበተ። ግማሹም መድኃኒት ግማሽ ያድናል ብዬ ጨዉን ብቻ በጠበጥሁላት።»

«እህቴ፣ ጨው ብቻውን አይገባም እኮ!»

«እንዴት አይገባም? ስትጠጣው እያየሁ!»

«አንጀቷ ገባ እንጂ ደሟ አልገባም።»

ውባየሁ ይህን የአንጀት ነገር ከዚህ ቀደም ሰምታዋለች። ደሳለው የሚማረውን ሲነግራት ስቃበት ነበር። «እኛ የበግ አንጀት በአንድ ጠዋት አጥበን እንጨርሳለን፤ አንተ ስንት ዓመት ነው የምታጥበው?» ስትለው እሱም ስቆ አስረዳት። የአንጀት ግድግዳ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ተደርድረው የሠሩት ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ጨው የማያሳልፍ ስስ የስብ ልባስ አለው። በልባሱ ላይ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል፤ እነሱ በሮች ናቸው። እሱ የሚያጠናው ከበሮቹ አንዱን ነው፤ ጨውና ጣፋጭ አብረው ካልመጡለት የማይከፈተውን።

«ምን ይመስላል በሩ?» ብላው ነበር ያኔ።

«ቅርጹን እስካሁን ያየ የለም፣ እማዬ። ከቄራ የበግ አንጀት አምጥተን ልባሱን እንፍቃለን፤ ጨዉ ሲገባ እንለካለን፤ በሩን ግን አናየውም። ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ የእናታቸው ጡት እንኳ ያስቀምጣቸዋል።»

አሁን ግን አልሳቀችም። «የእሷስ በር ተበላሽቶ ይሆን?» አለች።

«አይመስለኝም። እስካሁን ጡትም ማርም ተስማምቷት አድጋለች። በዚህ በሽታ ሌላው ሁሉ ሲታወክ ያ በር ይሠራል። የጎደለው ጣፋጩ ነው። ሲከፈት ውሃው ጨዉን ተከትሎ ይገባል።»

«ወረታስ ብንወስዳት?»

«በዚህ ውሃ? መንገድ ላይ ትቀርብናለች።»

አገኘሁሽ አንገቷን ደፋች፤ ወደ ጓዳው ለማየት አልደፈረችም።

«እማዬ» አለ ደሳለው ቀስ ብሎ። «ማሩ።»

«የማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ስለ እኔ ነው።»

«ያንተ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ በከፈትሁት። የኪዳነ ምሕረት ነው። ከነካሁት አንተን አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው።»

«እኔ ይኸው ቆሜያለሁ፣ እማዬ። ይህችን ግን እያት።»

ውባየሁ አየቻት። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ሰሙን በቢላዋ ስትሰብር «አንቺም የልጅ እናት ነሽ፤ ታውቂዋለሽ» ስትል ሰሟት። የተናገረችው ለእነሱ አልነበረም።

ደሳለው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጨውና ማር በጠበጠ። አገኘሁሽ በማንኪያ ጠብ እያደረገች ታጠጣት ጀመር። ስታስመልሰው ጥቂት ይታገሣሉ፤ እንደገና ይጀምራሉ። ማግስቱን ውሃው ጎድሎ ከብቱ ከዳገት ሲወርድ ሕፃኗ አለቀሰች። በጉንጯም ላይ እንባ ወረደ።

የኪዳነ ምሕረት በዓል ያለ ውባየሁ ማር አለፈ። ደሳለው መስከረም ሲጠባ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ።

በተከታዩ ክረምት አልመጣም። ለውትድርና ተይዞ ወደ ሰሜን መሄዱን ከወረታ የመጣ ሰው ነገራቸው። አገኘሁሽ መሬት ላይ ተደፍታ «በእኔ ልጅ ምክንያት ነው!» እያለች ስታለቅስ ውባየሁ ቀና አደረገቻት።

«ይህን ቃል ልጅቷ እንዳትሰማው» አለቻት። «ምንጊዜም።»

በነሐሴው በዓል ውባየሁ ገንቦ ተሸክማ፣ ጸሐይነሽን እየመራች ቤተ ክርስቲያን ደረሰች። የደብሩ ቄስ ገንቦውን ሲቀበሏት ገረማቸው።

«ልጁ ተመለሰ እንዴ፣ ውባየሁ?»

«አልተመለሰም፣ አባ።»

«ታዲያ የምን ስለት ነው?»

«ይህ የአምናው ነው። የበላችው ይችት፣ ቆማለች።»

ቄሱ ገንቦውን መሬት አስቀመጡት። በገንቦው አንገት ማር ወርዶ ነበር። ጸሐይነሽ በጣቷ ጠርጋ ላሰችው። ውባየሁ አየቻት፤ አልከለከለቻትም።